ያልወጣው አሚን

ቀለም መኪና ያቆማል እንዴ?

ረቢአ ይህን ጥያቄ ይዛ ከርማለች። ሱብሂ ሰግዳ ስታበቃ ትጠይቀዋለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ትጠይቀዋለች፤ ጋደም ብላ ጎኗን ስታዞር ጥያቄውም አብሯት ይገላበጣል። መልስ ግን የለም። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አስፋልት በደጇ ነው የሚያልፈው። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንዘረዘራል፤ መደርደሪያው ላይ የተደፉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ይህን የሚያህል ብረት፣ መሬት ላይ ነጭ መስመር አስምረው "ከዚህ ወዲያ የልጆች ነው" ቢሉት እሺ ይላል? እሺ ባይልስ ማን ይጠየቃል? ቀለም ቀቢው?

ነገሩ የመጣው ከማዘጋጃ ቤት ነው። ከሚሴ ላይ "የብስክሌት መንገድ" ሊሠራ ነው ተባለ። ሰፈሩ ሳይክል ነው የሚለው፤ ብስክሌት የሚለው የቢሮ ሰው ብቻ ነው። መንገዱ ከረቢአ ሰፈር ይነሳና የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ፣ ወደ ቦርከና የሚወርደውን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይዘልቃል። ያ ጠርዝ እስከ ዛሬ የማንም አልነበረም፤ ስለዚህ የሁሉም ነበር። ባጃጅ ይቆምበታል፣ ጋሪ ይሄድበታል፣ ከጨፋ የሚመጣ ከብት ይነዳበታል፣ ማሽላ እሸት የምትሸጥ ሴት ከሰሏን አቀጣጥላ ትቀመጥበታለች።

ረቢአ ያላወቀችው ነገር ለእሷ ቤት ይህ መንገድ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ነው። ከልጅ ልጇ ከኢማን በቀር የምትጠብቀው ሰው የላትም። የኢማን እናት ሳሚያ ጅዳ ስትሄድ፣ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰችውን ልጅ እጅ ይዛ በረቢአ መዳፍ ውስጥ አስገባችና "እማ፣ አማና ነው" አለቻት። አደራ ማለቷ ነው፤ ሌላ አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረቢአ ልጅቷን ይዛ መንገድ ከወጣች ራሷ በአስፋልቱ በኩል፣ ልጅቷ በቦዩ በኩል ነው። ኢማን አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ፣ ቁመቷም ከአያቷ በልጦ፣ ያው ነው፤ እየተሳቀቀች በቦዩ በኩል ትሄዳለች።

ቤቱ ደግሞ አንድ ሕግ አለው። "ዱአ አርጊልኝ" ሳይል ከደጅ የሚወጣ የለም። ይህ ከተባለ ረቢአ እጇን ትዘረጋለች፣ "አላህ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ" ትላለች፣ ኢማንም "አሚን" ብላ ትወጣለች። "ድመታችን እንኳ ሳታስፈቅድ አትወጣም እኮ" ትላለች ኢማን ለጓደኞቿ። "አኮ ትረግመኛለች ብላ ትፈራለች።" አያቷን በኦሮምኛው "አኮ" ነው የምትላት።

ስብሰባው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ወፍጮው ለሰው ጆሮ ሲባል ቆሞ ነበር፤ እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ኬሻቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ጀነት ትባላለች፤ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ በቅርቡ የተመደበች፣ ፈገግታ የማይለያት መሐንዲስ ናት። ትልቅ ካርታ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። አስፋልቱ ጥቁር፣ የሳይክሉ መንገድ አረንጓዴ ነው።

"ይሄ አረንጓዴው ለብስክሌት ብቻ ነው" አለች።

"ለብቻው?" አለ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው። "በሬዬን ገበያ ስነዳስ? አረንጓዴ ሲያይ ሣር መስሎት ቢገባ?"

ሰው ሳቀ።

"በሬው ባያውቅ ባለቤቱ ያውቃል" አለች ዙቤይዳ ከሴቶቹ መሃል። ዙቤይዳ የረቢአ ጎረቤት ናት፤ አጥር ይለያቸዋል፣ ምላስ ያገናኛቸዋል።

"ባለቤቱማ ከበሬው በምን ይሻላል!" አለ ሌላው፣ ሳቁም እንደገና ተነሳ።

ረቢአ አልሳቀችም። እስከ አምስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ካርታ ማየት አያቅታትም። ዓይኗ አረንጓዴውን መስመር ተከትሎ ከደጇ ተነሳ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መስመሩ ቀጠነ። እንደ ክር ሆነ። ከወዲያ ማዶ እንደገና ወፈረ። ለምን ቀጠነ? ልትጠይቅ አፏን ስታሟሽ ሐጂ አብዱልጀባር ተነሱ።

ሐጂ ሲነሱ ወሬ ያበቃል። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የጋራ ጉዳይ ሲጀመር ዱአ የሚያደርጉ። እጆቻቸውን ዘረጉ፤ ሰው ሁሉ ዘረጋ።

"ያረብ፣ ይህን መንገድ የሰላም መንገድ አርግልን።"

"አሚን!"

"የሚሄድበትን ጠብቅልን፣ የሚሠራውን እጅ ባርክልን።"

"አሚን!"

"ያልተስማማ ልብ ካለ አስማማልን።"

"አሚን!"

የረቢአ እጅ እንደ ሰው ሁሉ ተዘርግቷል። ዓይኗ ግን ያቺ ቀጭን ክር ላይ ነው። ኢማን በዚያች ክር ላይ ስትሄድ ታያት፤ ከኋላዋ ሲኖትራክ። አሚኑ ጉሮሮዋ ድረስ መጣና እዚያው ቆመ። እምቢ ለማለት አልነበረም። ብቻ አልወጣም።

"ሐጂ" አለች ዙቤይዳ፤ "ረቢአ አሚን አላለችም።"

"እንዴ አንቺ ሴትዮ! ዱአውን ነው ወይስ የኔን አፍ ስትጠብቂ የነበረው?" አለች ረቢአ ደንግጣ።

"አፍሽማ ተዘግቶ አያውቅ፤ ሲዘጋ ጊዜ ገርሞኝ ነው።"

ሐጂ አብዱልጀባር እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሰውም እጅ አንድ በአንድ ወረደ። በእነዚያ ሽማግሌዎች ዘንድ ለጋራ ጉዳይ የተደረገ ዱአ ላይ አንድ አፍ ከተዘጋ ነገሩ አልተቋጨም። ዝም ያለውን ይጠይቁታል እንጂ አልፈውት አይሄዱም።

"ረቢአ፣ ቅር ያለሽ ነገር አለ?"

"እኔንጃ፣ ሐጂ።"

"እኔንጃ ምን ማለት ነው? አለ ወይስ የለም?"

"እኔንጃ ማለት እኔንጃ ነዋ። ምኑን ልንገርዎ?"

ጀነት ካርታዋ አጠገብ እንደቆመች ግራ ገባት። ደሴም አሚን ይባላል፤ ነገር ግን እሷ ባደገችበት ሰፈር ያላለውን የሚቆጥር ሰው አይታ አታውቅም። "ይቅርታ አባባ፣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ደግፏል እኮ" አለች። "እንቀጥል አይሻልም?"

ሰው በጫማዋ መስገጃ የረገጠች ያህል አያት።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ረጋ ብለው፤ "ይሄ እጅ ማውጣት አይደለም። መንገዱ የሚነሳው ከዚች ሴት ደጅ ነው። ሆዷ እያመነታ ዱአውን ብንዘጋው ያነክሳል። ለቅዳሜ ይደር። አንቺም ረቢአ፣ እስከዚያ ሆድሽን ጠይቂው።"

"ቅዳሜም ካልተስማማችሁ" አለች ጀነት ካርታውን እየጠቀለለች፤ "እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሥራው ወደ ሌላኛው የከተማው ጫፍ ይዞራል። እነሱ ጠይቀዋል። ወደዚህ መቼ እንደሚመለስ እኔም አላውቅም።"

ወሬው ረቢአን ቀድሞ ቤት ገባ። ኢማን በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"አኮ፣ አሚን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?"

"ልጄ፣ ቀለም መኪና ያቆማል?"

"ምን?"

"ጠየቅኩሽ እኮ። ተማሪ አይደለሽ?"

ኢማን አያቷን ትክ ብላ አየቻትና ወደ ጓዳ ገባች። እራት ላይም አልተጫወተችም። ረቢአ ይህን ኩርፊያ አልተረዳችውም። ለዚች ልጅ የሳይክል መንገድ ምኗ ነው? ሳይክል የላት!

በማግስቱ ሰው መምጣት ጀመረ። የመጣው ሁሉ የረቢአን ዝምታ ምክንያት ይዞላት መጣ። አንዷ "ግቢሽን እንዳይነኩብሽ ነው አይደል? ብልህ ነሽ" አለቻት። አንዱ ሽማግሌ "ህልም አይተሽ እንደሆነ ንገሪን፤ አንደብቅብሽም" ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። የቀበሌው ሰው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ ሄዶ፣ ከጀርባዋ ማን እንዳለ ጠየቃት። ረቢአ ዞር ብላ አየች፤ ከጀርባዋ ያለው ቁምሳጥን ነው።

"አካም ቡልቴ ረቢአ" አለች ዙቤይዳ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ እንዴት አደርሽ ስትላት። "ከተማውን ያስቆምሽው ሴትዮ፣ ነጋልሽ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ ያስቆምሽው! ዝም ብትዪ ማን ያውቅብኝ ነበር?"

"አላህስ?"

"አላህማ ግራ እንደገባኝ ያውቃል። እስቲ ንገሪኝ፤ ቀለም መኪና ያቆማል?"

"ባያቆም ለምን ይቀቡታል? መንግሥት ቀለም ተርፎት ነው?"

ይህም መልስ አይደለም። ሐጂን መስጊድ በር ላይ ጠብቃ ጠየቀቻቸው። "የሚያቆመው አላህ ነው" አሉ። "እሱማ ሐጂ አውቃለሁ፤ ግን ግመሏን እሰርና ተወከል፣ በአላህ ተመካ፣ ተብሎ የለ? ገመዱ የታለ ነው የኔ ጥያቄ" አለች። ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱና "እኔ ግመል እንጂ ሲኖትራክ አስሬ አላውቅም" ብለው ሄዱ። ሳሚያ ከጅዳ ስትደውል ጠየቀቻት፤ ሳሚያ ሳቋን ለቀቀችው። "እማ፣ እዚህ ቀለሙ አይደለም የሚያቆመው፤ ካሜራው ነው" አለች። "ኢማንስ ደህና ናት?" "ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ።" ረቢአ ስልኩን ዘግታ ካሜራ መኪና እንዴት እንደሚያቆም ታስብ ጀመር። አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ተጨመረባት።

ጀነት ራሷ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ሻይ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ልጅ አስረዳቻት። ከአስፋልቱ የሚለየው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የድንጋይ ጠርዝ ይሠራለታል፤ ከፍ ያለ፣ ጎማ የማይዘለው።

ረቢአ ፊቷ በራ። "ድንጋይ! እንዲህ በዪኛ ታዲያ! ዳር እስከ ዳር?"

ጀነት ሻይዋን ፉት አለች። መዋሸት ትችል ነበር። "ድልድዩ ላይ ብቻ ሲቀር። ድልድዩ ጠባብ ነው እማማ፤ ድንጋይ ቢገባበት ሁለት መኪና አይተላለፍም። እዚያ ቀለም ነው። ብቻ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እናደርጋለን ብለናል፣ ከፈቀዱልን።"

"ከፈቀዱላችሁ።"

"ከፈቀዱልን።"

"ድልድዩ ነው እኮ የሚያስፈራኝ!"

"አውቃለሁ። እኔንም ያስፈራኛል።"

ረቢአ ይህን አልጠበቀችም። የቢሮ ሰው ሁሉን ያውቃል፣ ካላወቀም ያወቀ ይመስላል እንጂ እፈራለሁ አይልም። ልጅቷን ወደደቻት፤ በወደደቻት መጠን ደግሞ ግራ መጋባቷ ባሰ። የሚሠራው የሚፈራውን መንገድ እንዴት አሚን ይባልበታል? ግን ደግሞ የሚፈራ ሰው ባይሠራው፣ የማይፈራ ቢሠራው አይብስም?

በዚያው ሰሞን ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አልገባ ብለዋት ነበር። የበርበሬ ከረጢት የምታስርበት ላስቲክ ይጠፋል። አይጥ ላስቲክ ምን ያደርግላታል? የኢማን የዩኒፎርም ቀሚስ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቁር ቅባት ይገኛል፤ ብታሸው፣ በሎሚ ብትፈትገው አይለቅም። "የክፍላችን በር ማጠፊያ ነው አኮ" አለቻት ኢማን። ቀሚስ እስከ ማጠፊያው ድረስ ምን ይሠራል ብላ ጥቂት አሰበች፤ የመንገዱ ሐሳብ መጥቶ ያን ገፋው።

ሐሙስ ከሰዓት ረቢአ ከድልድዩ ማዶ ያለች የታመመች ዘመዷን ጠይቃ ስትመለስ ባጃጅ ያዘች። ሾፌሩ ሳዳም የሰፈሩ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛው 'አዴ'፣ እናት፣ ይላታል። ሒሳብ ልትሰጠው ቦርሳዋን ስትፈታ እጁን አወናጨፈ።

"ወላሂ ከአንቱ አልቀበልም! ያዳኑን አንቱ አይደሉ እንዴ?"

"ከምን አዳንኳችሁ?"

"ከሳይክሉ ነዋ! ጠርዙን ቢወስዱብን የት እንቆም ነበር? ሰማይ ላይ? ባጃጅ ክንፍ የለው! 'አዴ ረቢአ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አስቆሙት' እያልን ፌርማታ ላይ እናወራለን። ሰው ጮኾ ያልቻለውን አንቱ ዝም ብለው!"

"እኔ እኮ ምንም አላሰብኩም፣ ልጄ።"

"እሱ ነው እኮ ጥበቡ!"

ረቢአ ተቁነጠነጠች። የሰው ምስጋና ተሳስቶ እሷ ቤት የገባ ዕቃ ሆነባት፤ መልሼ ለማን ልስጠው ብላ ስታስብ ድልድዩ ላይ ደረሱ። ከኋላ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ነፋ። ከፊት በጠርዙ በኩል አንድ ሳይክል ነጂ ነበረች።

"ይቺን ይዩልኝ!" አለ ሳዳም። "አንድ ሳይክል አስፋልት ሙሉ! ጥጉን ያዥ እንጂ!" ሲኖትራኩ እየገፋው ስለሆነ ባጃጁን ወደ ቀኝ ሳበው። ሸራው የሳይክል ነጂዋን ትከሻ ፈተገ። ሳይክሉ ተንገዳገደ፤ የድልድዩን ብረት ሊነካ ደረሰ፤ ተመለሰ።

ረቢአ በሸራው ክፍተት አየች። መጀመሪያ ያየችው ላስቲክ ነው። የበርበሬዋ ላስቲክ። የቀሚስ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ እግር ላይ ተጠምጥሟል። ቀጥላ ያየችው ወይን ጠጅ ሻርፕ ነው፤ ሳሚያ ከጅዳ የላከችው።

"አቁም" ልትል አፏን ከፈተች። ያም እንደ አሚኑ አልወጣም።

ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ "አውርደኝ" አለች፣ ድምጿ ሲመለስ።

"ገና ነን እኮ አዴ!"

"አውርደኝ ብዬሃለሁ!"

ወርዳ ዞር ስትል መንገዱ ላይ ሳይክል የለም። በየት በኩል እንዳለፈች አላየችም። ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም፤ ብቻ ስትደርስ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲጠርግ መጥቷል።

ኢማን በእግሯ ገባች። "አሰላሙ አለይኩም አኮ።"

"ወአለይኩም ሰላም። በምን መጣሽ?"

"በእግሬ።"

"ላስቲኩን ፍቺው።"

ኢማን ወደ እግሯ አየች። ቀሚሷ እንደተጠመጠመ ነው። ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ ፈታችው፣ ላስቲኩን ለአያቷ ዘረጋችላት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ረቢአ።

"ባጃጅ ቤንዚን ሲያጣ ጊዜ። በእግሬ ስሄድ ይረፍድብኛል፤ በሩን ይዘጉብኛል። የጓደኛዬ የነኢማ ወንድም ሳይክሉን ለኔና ለእሷ ሰጠን፤ ተራ በተራ ነው። እነሱ ቤት ነው የማስቀምጠው።"

"ስትወጪ ዱአ አርጊልኝ ትዪኝ ነበር እኮ። እኔ በእግሯ ነው ብዬ ነው ዱአ የማደርገው!"

"ዱአ ለእግርና ለሳይክል ይለያል እንዴ?"

"አትቀልጂብኝ! ድልድዩ ላይ..."

"ድልድዩ ላይ ዛሬ ባጃጅ ትከሻዬን ነክቶኛል። አወቅሽ? ልደብቅሽ ነበር፤ ግን በቃኝ። እዚያ መንገድ ቢኖር ኖሮ ያ ባጃጅ አይደርስብኝም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ከየት ታውቂያለሽ?"

"ባጃጁ ውስጥ ነበርኩ።"

ረቢአ ልጅቷ ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች፤ አላለቀሰችም።

"ታዲያ አንቺ ነሻ የገፋሽኝ" አለች ኢማን።

ይህን ብላ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ሳይክሉን እየገፋች ተመለሰች፤ በግቢው ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ካሁን ወዲያ አልደበቅም ማለቷ ነው። አሮጌ ሳይክል ነው፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ መቀመጫው በጨርቅ የተጠቀለለ። ዙቤይዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣ ሳይክሉን አየች፣ የረቢአን ፊት አየች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትል ተመለሰች።

አርብ ጠዋት ኢማን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቀሚሷን በላስቲክ አስራ፣ ሳይክሉን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ዱአ አርጊልኝ፣ አኮ።"

አትሄጂም ልትል ነበር። ግን እስከ መቼ? ቤት አስቀምጣ ታስረጃት? ሳሚያ "አማና" ስትል መጠበቅ ማለቷ ነበር ወይስ ማስተማር? ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ ተገናኝተው አልተላለፍ አሉ፤ እንደ ድልድዩ። እጇን ዘረጋች።

"አላህ ይጠብቅሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ።"

ጠበቀች። ኢማን አሚን አላለችም። ከንፈሯ ተዘግቶ አያቷን አየቻት።

"በዪ እንጂ" አለች ረቢአ።

"እኔንጃ" አለች ኢማን። "ብቻ አልወጣም።"

ሳይክሏ ላይ ወጥታ ሄደች።

ረቢአ ያን ቀን የዋለችውን ውሎ ጠላት አይዋለው። ዱአዋ በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረባት። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ያልወጣ ነገር ይዛ ዋለች። አምቡላንስ ሲያልፍ ወጣች፤ ሲኖትራክ ሲያልፍ ወጣች፤ በሬ ሲያልፍም ወጣች። ሐጂ እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የነበረው ፊታቸው ትዝ አላት። ለካ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለካ አሚን የሌለው ዱአ፣ ያደረገውን ሰው ነው እንደዚህ ባዶ እጁን የሚያስቀረው። ግን ታዲያ፣ ላልገባኝ ነገር አሚን ልበል? ለቀለም? ኢማን በሰላም ገባች፤ አልሀምዱሊላህ። ራቷን በላች፣ ሰገደች፣ ተኛች። ስለ ቅዳሜ ማንም አላነሳም።

ቅዳሜ ወፍጮው ሲቆም ረቢአ ሰማችው። ሁልጊዜ የሚያጉተመትም ነገር ድንገት ዝም ሲል ጆሮ ይጮኻል። ሰው እየተሰበሰበ ነው። በአጥሩ ማዶ ዙቤይዳ "ረቢአ! ትመጫለሽ ወይስ ሐጂን በቃሬዛ እናምጣልሽ?" አለች። ረቢአ አልመለሰችላትም። ውዱእ አደረገች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

ምን እንደምትል አታውቅም። ድልድዩ ላይ ያ ጉብታ ካልተደረገ አልስማማም ትል ይሆናል። ሳዳምን በሰው ፊት ታዋርደው ይሆናል። ሐጂ እጃቸውን ሲዘረጉ አሚን ትል ይሆናል፤ ምናልባትም ታለቅሳለች። ቀለም መኪና ያቁም አያቁም ዛሬም አላወቀችም። ቀለም በሌለበት ግን ማንም እንዳላቆመ አይታለች፤ እሷ ራሷ ከውስጥ ሆና አላቆመችም።

ኢማን ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ረቢአ በአጠገቧ አልፋ ሳይክሉ ጋ ቆመች። በዕድሜዋ ሳይክል ነክታ አታውቅም። እጀታውን ያዘችና ከግድግዳው አላቀቀችው። ቀላል ነው። እንዲህ ይቀላል ብላ አላሰበችም። ልጇን የሚሸከማት ይህ ነው?

"አኮ?" አለች ኢማን አረፋ የያዘ እጇን አንስታ። "ምን ልታደርጊው ነው? የሰው ነው እኮ!"

ረቢአ ሳይክሉን ወደ በሩ ገፋችው። አፏን ብትከፍት ለወፍጮ ቤቱ ሜዳ ያስቀመጠችው ነገር እዚሁ የሚፈስባት መሰላት። ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ አለ።

"አኮ! የት ነው የምትወስጂው? ሌላው ይቅር፣ ዱአ አርጊልኝ ሳትዪ ትወጫለሽ?"

ረቢአ በሩን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ሳይክሉን በቦዩ በኩል፣ ራሷን በአስፋልቱ በኩል አደረገች፤ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።